ካቴናው ምን ይላል? የሞተር ሳይክል ሰንሰለት ድምፅና ትርጉሙ



ሞተር ሳይክል መኪና በማይገባበት ሁሉ ይገባል። ከወረዳ ተነሥቶ በየትምህርት ቤቱ የሚዞረው ሱፐርቫይዘር፣ መጻሕፍት ለማምጣት ከተማ ደርሶ የሚመለሰው ርእሰ መምህር ብዙ ጊዜ የሚተማመነው በዚሁ ባለ ሁለት ጎማ ነው። ከእኛም መካከል ነገ ተመድበን ስንሄድ ሞተር ሳይክል የሚረከብ አይጠፋም። መንዳቱ በጥቂት ቀን ይለመዳል። የሚናገረውን ማዳመጥ ግን ራሱን የቻለ ትምህርት ይፈልጋል።

አብዝተው ከሚናገሩት ክፍሎች አንዱ ካቴናው ነው። በየመንገዱ እንደሚታየው ካቴና ድምፅ ባሰማ ቁጥር የሚታዘዝለት መድኃኒት አንድ ብቻ ነው፤ ማጥበቅ! «ጋሼ፣ ላልቶ ነው፤ ትንሽ ላጥብቅልዎ?» ይላል የጋራዡ ልጅ። ባለ ሞተሩም «በል አጥብቀው» ብሎ ጉዞውን ይቀጥላል። ታዲያ ድምፁ የመጣው ከመድረቅ ቢሆንስ? ወይም ደግሞ ካቴናው አስቀድሞ ከመጠን በላይ ጠብቆ ቢሆንስ? ያን ጊዜ መድኃኒቱ ራሱ በሽታ ይሆናል። ውጤቱም የተበላ ኩሽኔታ፣ የተሰበረ ጥርስ፣ ከዚያም ሲብስ በመንገድ መካከል የተበጠሰ ካቴና ነው። በሩጫ ላይ የተበጠሰ ካቴና የኋላውን ጎማ ጠምጥሞ ሊያስረው፣ ጋላቢውንም ሊጥለው ይችላል።

ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ድምፁን ሰምተን፣ ምክንያቱን ለይተን፣ ከዚያ በኋላ ቁልፍ እንድናነሣ ለመርዳት ነው።

ሀ/ ካቴና እንዴት ይሠራል?

ዛሬ በብስክሌትና በሞተር ሳይክል ላይ የምናየውን ባለ ሮለር ካቴና እ.ኤ.አ. በ1880 በእንግሊዝ አገር በማንችስተር ከተማ ይሠራ የነበረው የስዊስ ተወላጅ ሀንስ ሬኖልድ የፈጠራ መብት አውጥቶበታል። አሠራሩ እስከ ዛሬ በመሠረቱ አልተለወጠም።

አንዱን የካቴና ቀለበት ቀረብ ብለን ብንመለከት በግራና በቀኝ ሁለት ላሜራዎች፣ በመካከላቸው የሚያልፍ ፒን፣ ፒኑን የከበበ ቡሽ፣ ከቡሹም በላይ የሚሽከረከር ሮለር እናገኛለን። ሮለሩ ጥርሱ ላይ ይቀመጣል፤ ፒኑ ደግሞ በቡሹ ውስጥ እንደ ማጠፊያ ሆኖ ይታጠፋል። ኃይሉ ከሞተሩ ወጥቶ በትንሹ የፊት ጥርስ፣ ማለትም በፒኞኑ፣ ካቴናውን ይጎትታል። ካቴናውም ትልቁን የኋላ ጥርስ፣ ማለትም ኮሮናውን፣ ከጎማው ጋር ያዞረዋል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አባባል ማረም ይገባል። «ካቴናው ተለጠጠ» እንላለን። በእርግጥ ግን የተለጠጠው ብረቱ አይደለም። ፒኑና ቡሹ እርስ በርሳቸው ሲፋጩ ይበላሉ፤ በመካከላቸውም ጥቂት ክፍተት ይፈጠራል። በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ የ0.1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ቢፈጠር 120 መጋጠሚያ ያለው ካቴና በ12 ሚሊ ሜትር ይረዝማል ማለት ነው። ኢምንት የሚመስለው ነገር ሲደመር እንዲህ ይሆናል።

መርዘሙን በማስመሪያ መለካት ይቻላል። በካቴናው ላሜራ ላይ ብዙ ጊዜ 420፣ 428 ወይም 520 የሚል ቁጥር ተቀርጿል። የመጀመሪያው አኃዝ ከፒን እስከ ፒን ያለው ርቀት ስንት ስምንተኛ ኢንች እንደሆነ ይነግረናል። ስለዚህ 428 ቁጥር ካቴና 4/8 ኢንች፣ ማለትም 12.7 ሚሊ ሜትር ርቀት አለው። 20 ርቀቶች ሲለኩ በአዲስነቱ 254 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አምራቾች የሚፈቅዱት መርዘም እንደ ካቴናው ዓይነት ብዙውን ጊዜ በመቶ ከ1 እስከ 2 ነው። እንግዲህ የ428 ካቴናችን በ20 ርቀት 259 ሚሊ ሜትር ገደማ ከደረሰ ዕድሜውን ጨርሷል፤ ማጥበቅ አያድነውም።

ለ/ መጀመሪያ፡ ድምፁ በእርግጥ የካቴናው ነውን?

ጤናማ ካቴና ፈጽሞ ዝም አይልም። ሮለሮቹ በጥርሶቹ ላይ ሲቀመጡ ዝቅ ያለና የማይቆራረጥ «ሽርርር» የሚል ድምፅ አለው። የጭቃ ጎማም በአስፋልት ላይ ሲሄድ ያጉረመርማል። ይህ ሁሉ በሽታ አይደለም። የሚያሳስበው አዲስ የመጣ ወይም የተለወጠ ድምፅ ነው። ስለሆነም የራሳችንን ሞተር ጤናማ ድምፅ አስቀድመን ማወቅ አለብን።

አጠራጣሪ ድምፅ በሰማን ጊዜ የሚከተሉትን ፈተናዎች በቅደም ተከተል እናድርግ።

1ኛ/ ቆመን፣ ማርሹን ዜሮ ላይ አድርገን፣ ነዳጅ እንስጥ። ድምፁ ካለ የመጣው ከሞተሩ ወይም ከጭስ ማውጫው ነው፤ ካቴናው ቆሞ ሳለ ሊጮኽ አይችልምና።

2ኛ/ ሌላ ተሽከርካሪ በሌለበት፣ በጣም ለስላሳ በሆነ ቁልቁለት ላይ ሞተሩን አጥፍተን፣ ማርሹን ዜሮ አድርገን ቀስ ብለን እንንከባለል። አሁንም ድምፁ ካለ ጥፋቱ በጎማው፣ በፍሬኑ ወይም በካቴናው ዘንድ ነው።

3ኛ/ እየተንከባለልን ፍሬኑን በጥቂቱ እንንካ። ድምፁ ከጠፋ ወይም ከተለወጠ ፍሬኑን እንመርምር።

4ኛ/ እየነዳን ነዳጅ ስንሰጥና ስንተው እናዳምጥ። በዚህ ጊዜ ድምፁ ከተለወጠ ጣታችን ወደ ካቴናው፣ ወደ ጥርሶቹና ወደ ኮሮናው ማያያዣ ይጠቁማል። ነዳጁን ብንሰጥም ብንተውም ሳይለወጥ ከፍጥነቱ ጋር ብቻ የሚጨምር ጉርምርምታ ከሆነ ግን የጎማውን ኩሽኔታ መጠርጠር ነው። ሞተሩን በማቆሚያው አቁመን ጎማውን ግራና ቀኝ ስንነቀንቀው «ቀጭ» ካለ ጥርጣሬያችን ይጠነክራል።

ሐ/ የድምፁ ዓይነትና ትርጉሙ

«ሲጥ ሲጥ» የሚል ቀጭን ድምፅ፡- ይህ የደረቀ ካቴና ልቅሶ ነው። ከዝናብ በኋላ ወይም አቧራማ መንገድ ተጉዘን ስናበቃ ይመጣል። ላሜራዎቹ ቀላ ብለው ዝገት ይታይባቸዋል። መድኃኒቱ ማጽዳትና ዘይት መቀባት እንጂ ማጥበቅ አይደለም።

«ጧ ጧ» የሚል የመምታት ድምፅ፡- ካቴናው ላልቶ ሽፋኑን ወይም የኋላ ጎማውን የያዘውን ሹካ ይመታል። ነዳጅ ስንሰጥ የላይኛው መስመር ይወጠራል፤ ላላው መስመር የታችኛው ነው። ነዳጁን ድንገት ስንተው ጎማው ሞተሩን መጎተት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ የታችኛው ተወጥሮ የላይኛው ይላላል። የላላው ክፍል ከታች ወደ ላይ ሲዛወር ነው ሹካውን የሚገርፈው። ነዳጅ ስንተውና በጉድጓድ ስናልፍ ድምፁ ጎላ ካለ መላላት ነው። ማጥበቅ ተገቢ የሚሆነው በዚህ ጊዜ ነው፤ ይህም ካቴናው ገና ያልተበላ ከሆነ።

«ኡኡኡ» የሚል ጩኸት ወይም ጉርምርምታ፡- ከፍጥነት ጋር ከፍ እያለ የሚሄድ፣ በተለይም ሰው ከኋላ ሲጫን የሚብስ ከሆነ ካቴናው ከመጠን በላይ ጠብቋል። ብዙዎቻችን የምንስተው እዚህ ላይ ነው። በሞተሩ ላይ ስንቀመጥ የኋላው ሹካ ወደ ላይ ይነሣል። ፒኞኑ፣ ሹካው የሚታጠፍበት ዘንግና የኋላ ጎማው ዘንግ በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ሲውሉ በፒኞኑና በኮሮናው መካከል ያለው ርቀት ከሁሉ የበለጠ ይሆናል፤ ካቴናውም ይወጠራል። ሞተሩ ባዶውን ቆሞ ሳለ «ልክ ነው» ብለን ክር ያስመሰልነው ካቴና ሁለት ሰው ሲጫንበት መላወሻ ያጣል። ጭነቱን የሚሸከሙት የማርሽ ሳጥኑ መውጫ ዘንግና የጎማው ኩሽኔታዎች ናቸው። የላላ ካቴና ይጮኻል፤ የጠበቀ ካቴና ግን በዝምታ ያጠፋል ቢባል ከእውነት የራቀ አይደለም።

«ክርርር» የሚል የመፋቅ ድምፅ፡- የኋላ ጎማው ወደ አንድ ጎን ዞሯል፤ ካቴናውና ኮሮናው በአንድ መስመር ላይ አይደሉም። ምልክቱ በኮሮናው ጥርሶች አንድ ጎን ላይ፣ እንዲሁም በካቴናው የውስጥ ላሜራ ላይ የሚታይ የሚያብረቀርቅ ፍቀት ነው። በሹካው ላይ የተቀረጹት መስመሮች ሁልጊዜ ትክክል ናቸው ብለን አንመን። ቀጥ ያለ ዘንግ ወይም የማይለጠጥ ሲባጎ ወስደን ሹካው ከሚታጠፍበት መካከል እስከ ጎማው ዘንግ መካከል በግራም በቀኝም እንለካ። ሁለቱ ርቀቶች እኩል መሆን አለባቸው።

«ቋ» የሚል ነጠላ ምት፡- ስንነሣ፣ ማርሽ ስንቀይር ወይም ነዳጅ ሰጥተን ስንተው አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰማ ነው። ካቴናው ልኩን ከሆነ የኮሮናውን ቡሎኖችና ዳዶዎች እንመልከት። ብዙ ሞተር ሳይክሎች በኮሮናውና በጎማው ሞዞ መካከል ግፊት የሚያበርዱ ላስቲኮች አሏቸው። ላስቲኮቹ ካረጁ ኮሮናው ወዲያና ወዲህ ይጫወታል፤ ጎማውን አጥብቀን ይዘን ኮሮናውን በእጅ ስንነቀንቀው ይታወቃል።

«ቀጭ፣ ቀጭ» እያለ የሚዘል፡- ዳገት ላይ ወይም ነዳጅ በኃይል ስንሰጥ ካቴናው ጥርስ እየዘለለ ነው። አዲስ ጥርስ ግራና ቀኙ እኩል ሆኖ ይታያል። ያረጀው እንደ ውሻ ክራንቻ ሹል ሆኖ ወደ አንድ ወገን ይታጠፋል። ሌላም መፈተኛ አለ፤ በኮሮናው የመጨረሻ ጀርባ ላይ ያለውን ካቴና ይዘን ወደ ኋላ እንሳበው። ከጥርሱ ግማሽ በላይ ከተጋለጠ ዕቃው አልቋል። ይህ ድምፅ ከሁሉ የከፋው ነው።

መ/ በጠመኔ መመርመር

አንዳንዱ ድምፅ ግን እየቆየ፣ በልክ፣ «ቀጭ...... ቀጭ...... ቀጭ» ይላል። የመጣው ከፒኞኑ ነው? ከኮሮናው ነው? ወይስ ከካቴናው ከአንዱ ቀለበት? ይህን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የመምህሩ የሥራ መሣሪያ የሆነው ጠመኔ ይበቃል።

ሞተሩን እናጥፋ፤ ቁልፉንም እንንቀል። ማርሹን ዜሮ ላይ አድርገን የኋላው ጎማ ከመሬት እንዲነሣ በማቆሚያው እናቁመው። በጎማው ላይ አንድ የጠመኔ ምልክት፣ በካቴናው ላይ ሌላ ምልክት እናድርግ። ጎማውን በእጃችን ቀስ ብለን እያዞርን ድምፁ ሲመጣ እንቁጠር።

ለምሳሌ ፒኞኑ 15፣ ኮሮናው 45 ጥርስ፣ ካቴናው ደግሞ 120 ርቀት አለው እንበል። ጎማው አንድ ዙር ሲዞር 45 ርቀት ያልፋል። ስለዚህ፡-

- ድምፁ በአንድ የጎማ ዙር 1 ጊዜ ከመጣ ጥፋቱ ከጎማው ጋር ከሚዞረው ነገር ላይ ነው፤ ከኮሮናው ጥርስ፣ ከቡሎኑ ወይም ከፍሬኑ።
- በአንድ የጎማ ዙር 3 ጊዜ ከመጣ ከፒኞኑ ነው፤ 45 ለ15 ሲካፈል 3 ነውና።
- በ8 የጎማ ዙር 3 ጊዜ ብቻ ከመጣ ከካቴናው ነው፤ 8 ጊዜ 45 እኩል ይሆናል 360፣ ይህም ሦስት ሙሉ የካቴና ዙር ነው። በድምፁ ጊዜ ሁልጊዜ ያው የጠመኔ ምልክት አንድ ቦታ ላይ ይገኛል።

የካቴናው ጥፋት ብዙውን ጊዜ አልታጠፍ ያለ መጋጠሚያ ነው። ዝገት ይዞት ደርቋል። ከኮሮናው ሲለቅ እንደተጣመመ ይቀራል፤ በዓይንም ይታያል። አንዳንዴ ግን ሮለሩ ተሰብሮ ወድቆ ሊሆን ይችላል። የደረቀው በላምባና በዘይት ሊፈታ ይችል ይሆናል፤ የተሰበረው ግን መቀየር ብቻ ነው።

በዚያው አጋጣሚ ጎማውን እያዞርን የካቴናውን መላላት በየቦታው እንለካ። በአንድ ወገን ጠብቆ በሌላ ወገን ጎልቶ ከላላ እኩል አልተበላም ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ስናስተካክል በጠበቀው ቦታ ለክተን ነው፤ በላላው ለክተን ካጠበቅን የጠበቀው ቦታ መላወሻ ያጣል።

ልብ ብለን እንደምናየው ይህ አሠራር የሳይንስ አስተማሪ በክፍል ውስጥ የሚያስተምረው ነው። መመልከት፣ መገመት፣ አንዱን ነገር ብቻ እየለወጡ መፈተን፣ ከዚያ መፍረድ። የክፍልፋይና የትንሹ የጋራ ብዜት ትምህርት «ለምን ይጠቅመናል?» ለሚል ተማሪም አንድ ብስክሌት ገልብጦ ማሳየት መልካም መልስ ነው።

ሠ/ እንሂድ ወይስ እንቁም?

መንገድ ላይ ሳለን ድምፅ ቢመጣ ሁሉም እኩል አያስፈራም።

ቀስ ብለን ልንሄድበት የምንችለው፡- የመድረቅ «ሲጥታ» እና ጥቂት መላላት። ደርቆ ከሆነ የተገኘውን ንጹሕ ዘይት መቀባት ከምንም ይሻላል።

አስተካክለን የምንሄደው፡- ከመጠን በላይ የጠበቀ ካቴና። ቁልፍ ካለ እዚያው እናላላው፤ ከሌለም ከኋላ የጫንነውን ሰው እናውርድ።

ፈጽሞ የማንሄድበት፡- ጥርስ የሚዘል ካቴና፣ የተሰነጠቀ ላሜራ፣ የወደቀ ሮለር፣ የጠፋ የማያያዣ ክሊፕ፣ የላላ የኮሮና ቡሎን። ፈተናው ነገ ነው፣ ስብሰባው ደርሷል እያልን ብንቻኮል በሚቀጥለው ቁልቁለት የምንከፍለው ዋጋ ከስብሰባው ይበልጣል። ገፍተንም ቢሆን መድረስ ይሻላል።

ረ/ ጥገናና ጥንቃቄ

1/ ሞተሩ በርቶ፣ ማርሽ ገብቶ፣ በጨርቅ ካቴና ማጽዳት በፍጹም አይገባም። ጨርቁ በጥርሱና በካቴናው መካከል ሲገባ ጣትን ይዞ ይገባል። በዚህ ምክንያት ጣታቸውን ያጡ ሰዎች አሉ። ሁልጊዜ ሞተር ጠፍቶ፣ በእጅ እየተዞረ ይሁን።

2/ የመላላቱ ልክ በአምራቹ መጽሐፍ ወይም በሹካው ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ ይገኛል። ለአብዛኞቹ የመንገድ ሞተር ሳይክሎች በታችኛው መስመር መካከል ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ሲገፋ ከ20 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለገጠር መንገድ የተሠሩ ረጃጅሞቹ ከዚህ የበለጠ ይፈልጋሉ።

3/ ለማጽዳት ላምባና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። ቤንዚን እሳት ከመሳቡም በላይ ኦሪንግ የሚባሉትን ትንንሽ የላስቲክ ቀለበቶች ይጎዳል። የሽቦ ብሩሽም እንዲሁ።

4/ ከጽዳት በኋላ የማርሽ ሳጥን ዘይት ወይም ለካቴና የተዘጋጀ ቅባት በታችኛው መስመር በውስጥ በኩል ይቀባ፤ ሲሽከረከር ራሱ ወደ ውጭ ይበተናል። ከጉዞ መልስ ካቴናው ሞቅ ሳለ ቢሆን ይመረጣል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት የብረት ብናኝና ጥላሸት ስላለበት ለካቴና አይሆንም። በደረቅ መንገድ በየ500 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በዝናብና በጭቃ ጊዜ ግን ከየጉዞው በኋላ ማየት ይገባል። አቧራ ከዘይት ጋር ሲቀላቀል እንደ ሞረድ ይበላልና ሳያጸዱ በላዩ ላይ መደረብ አይጠቅምም።

5/ የማያያዣው ክሊፕ ዝግ ጫፍ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ፣ ክፍቱ ጫፍ ወደ ኋላ ይዙር። ተገልብጦ ከገባ አንድ ጠጠር ወይም እንጨት ነክቶ ሊያወልቀው ይችላል።

6/ ዕቃ ስንገዛ ካቴና፣ ፒኞንና ኮሮና በአንድነት ይቀየሩ። አዲስ ካቴና በተበላ ጥርስ ላይ ማስገባት አዲሱን ቶሎ ማርጀት ነው። ዛሬ የቆጠብነውን ነገ እጥፍ እንከፍላለን።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ነገር ቢኖር ካቴና በሽታውን የማይደብቅ ሕመምተኛ መሆኑን ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ሲጥ ሲል ዘይት፣ ጧ ሲል ልክ፣ ክር ሲል መስመር፣ ቀጭ ብሎ ሲዘል መቀየር! ድምፁን ሳይለዩ ቁልፍ ማንሣት ግን ተማሪውን ሳይጠይቁ ማርክ እንደ መስጠት ነው።

ጥያቄ ለአንባብያን፡-

የአንድ ሞተር ሳይክል ፒኞን 16፣ ኮሮናው 44 ጥርስ፣ ካቴናው 110 ርቀት አለው። ጎማው በእጅ 10 ዙር ሲዞር «ቀጭ» የሚል ድምፅ 4 ጊዜ በእኩል ልዩነት ተሰማ። ጥፋቱ ከፒኞኑ ነው፣ ከኮሮናው ነው ወይስ ከካቴናው? ምክንያታችሁን በስሌት አስደግፋችሁ ከዚህ ጽሑፍ ሥር ለጥፉ።